የስሙኒ በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ ይሰጠን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከርማችኋል?

እኔ ጋዜጣ ማንበብ የጀመርኩት በስኳር መጠቅለያ ነው። ቀልድ አይደለም። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ላደግን ልጆች ጋዜጣ ቤታችን የሚገባው ሩብ ኪሎ ስኳር ወይም የስሙኒ በርበሬ ይዞ ነበር፤ ባለሱቁ ገጹን ይገነጥልና እንደ ጡሩምባ ጠቅልሎ ታቹን ያጥፈዋል፣ እኔ ደግሞ ስኳሩ ጣሳ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ወረቀቱን ዘርግቼ ያልተቀደደውን አነባለሁ። ዜናው ሁሌ መሀል ላይ ይቆረጥብኛል።

የምጽፈው ስለዚያ ሱቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ ስለ ፒያሳ ታሪካዊ ቤቶች ብዙ ተባለ። ይባል፣ ደግ ነው። የሰፈር ሱቅን ጉዳይ ግን ያነሳ ሰው አላየሁም።

ሱቋ ጠባብ ናት። በጃንሆይ ጊዜ አንድ የየመን አረብ ይነግድባት ነበር ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ የደረስኩት በጉራጌው ባለሱቅ ነው። ቀን ይሸጥባታል፣ ማታ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛባታል። ላምባው፣ ሳሙናውና ዳቦው አንድ ላይ ስለሚውሉ ዳቦው ላምባ ላምባ ይሸታል። እንበላዋለን እንጂ ምን እናደርጋለን! እናቴ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይሄ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለሺ» ብላ ትልከኛለች። ሮጬ እደርስና በሳንቲሙ ባንኮኒውን እያንኳኳሁ «ባለሱቅ! ባለሱቅ!» ነው። ዘይት በሲኒ፣ ቡና በሲኒ፣ ሲጋራና ሻማ በፍሬ። ለምራቂ አንዲት ደስታ ከረሜላ ከጨመረልኝማ የእናቴ ምራቅ ቢደርቅም አይገደኝም።

ትልቁ ነገር ግን ዱቤው ነበር። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ከሥሩ ደግሞ የዱቤ ደብተሩ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገጽ አለው፤ ስም አይጽፍም፣ «ዘበኛው ቤት»፣ «ባለ ቀይ በር» ብሎ ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ማንም ሳይልከው በኛ ሂሳብ ብስኩት ወስዶ በላ። ወር ደርሶ አባቴ ሊከፍል ሲሄድ ደብተሩ ላይ «ብስኩት 2፣ ትንሹ» ተብሎ ተጽፎ አገኘው። ወለድ የለ፣ ዋስ የለ። መስቀል ሲቃረብ ብቻ ሁሉም ዕዳውን ለማጽዳት ይሯሯጣል፣ ምክንያቱም ባለሱቁ አገሩ ሊገባ ነው፣ ባዶ እጁን አይገባማ። እሱ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ሰፈሩ ክብሪት እየተዋዋሰ ይከርማል።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ምድር ላይ የንግድ ቤቶች አሉ፣ ግን በጨረታ የተሸጡ ናቸው፤ ፋርማሲ ገባባቸው፣ የውበት ሳሎን ገባባቸው። ያን ሁሉ ብር የከፈለ ሰው በሲኒ ዘይት ሸጦ አይመልሰውም፣ አልፈርድበትም። ችግሩ አንድ ሊትር ዘይት በአንዴ መግዛት የማይችለው ሰው የት ይሂድ ነው። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት ጡረተኛ እናት ወሩ ሲጋመስ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ድሮ ከሚያውቃቸው ባለሱቅ ዘንድ ለዱቤ ይሄዳሉ። የታክሲው ሂሳብ ራሱ በርበሬ ይገዛ ነበር! በቴሌብር ብድር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ክፍያ አለው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ስልካቸውን ከ«ሃሎ» አልፈው አይነኩትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማ አስተዳደሩ ነው። አዲስ በሚሠሩት ሰፈሮች ውስጥ በየግቢው አንዲት ጠባብ ክፍል ከጨረታ ውጭ ትሁንና በሚቻል ኪራይ ለሰፈር ሱቅ ትሰጥ። ስፋቷ አያሳስብ፣ ፍራሽ ካስዘረጋች ይበቃል። እናንተም እባካችሁ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁልንና መልሱን አትሙልን፤ መልስ አንሰጥም ካሉም እሱኑ አትሙት።

ከአክባሪያችሁ
የቀድሞዋ የዶሮ ማነቂያ ልጅ