የስፖርት ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በሰንጠረዥ ሲነበቡ

ክበቡ ዘንድሮ ከአንድ ርዕስ ሳይወጣ ከረመ። ርዕሱ በየሁለት ዓመቱ 11 የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች የሚገናኙበት የጨዋታዎች ታሪክ ነው። ከኦሊምፒክ ይልቅ ይህ የተመረጠው በደንቡ ምክንያት ነው። እዚህ አስተናጋጁ አገር የትኞቹ የስፖርት ዓይነቶች እንደሚካተቱ ለመወሰን ሰፊ መብት አለው። ስለዚህ የሜዳሊያ ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ማን ጠንካራ እንደሆነ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ አላወቀም። የዓመቱ ሥራ በአብዛኛው ይህን ሰንጠረዥ በአግባቡ መሥራትና ማንበብ ነበር።

ውድድሩ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1958 ቶኪዮ ላይ ነው። በእስያ ጨዋታዎች ላይ የተገኙት የአካባቢው ልዑካን ሲሰባሰቡ፣ የታይላንድ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሉዋንግ ሱኩም ናያፕራዲት ሐሳቡን አቀረቡ። የመጀመሪያው ዙር ከታኅሣሥ 12 እስከ 17 ቀን 1959 ባንኮክ ላይ ተካሄደ። ታይላንድ፣ በርማ፣ ማላያ፣ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ቬትናምና ላኦስ በ12 የስፖርት ዓይነቶች ተወዳደሩ። ያን ጊዜ ስሙ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕረ ገብ መሬት ጨዋታዎች ነበር። በ1977 ኩዋላ ላምፑር ላይ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ብሩኔይ ሲገቡ «ባሕረ ገብ መሬት» የሚለው ከስሙ ወጣ፤ የገቡት አገሮች ደሴቶች ናቸውና። ምሥራቅ ቲሞር በ2003 ተጨመረች። በዓርማው ላይ ያሉት ቀለበቶች ግን የአባላቱን ቁጥር ዘግይተው ነው የሚከተሉት፦ ስድስቱ እስከ 1997 ቆዩ፣ በ1999 አሥር ሆኑ፣ በ2011 ደግሞ አሥራ አንድ። ስለዚህ ያለ ቀን የተገኘን ፎቶ ዘመን በቀለበቶቹ ቁጥር መገመት ይቻላል።

ሰንጠረዡን ስንጀምር መጀመሪያ ያስቸገረው የዙሮቹ ቆጠራ ነው። በየሁለት ዓመቱ ስለሚካሄድ ተማሪ ሁሉ ከ1959 ጀምሮ ሁለት ሁለት እየጨመረ ይቆጥራል፤ ውጤቱም በአንድ ይበልጣል። ምክንያቱ ካምቦዲያ በ1963 ልታስተናግደው የነበረው ዙር መሰረዙ ነው። የ1965ቱ የኩዋላ ላምፑር ውድድር ሦስተኛ ተብሎ ይቆጠራል እንጂ አራተኛ አይደለም። አቋራጩ ስሌት ይህ ነው፦ ከዓመቱ 1957 ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል፣ ከ1963 በኋላ ከሆነ አንድ ቀንስ። ለ2023 ብንሞክረው 66 ለሁለት 33፣ ሲቀነስ 32። ካምቦዲያም 1963 ላይ ያመለጣትን መስተንግዶ ያገኘችው በዚሁ በ32ኛው ዙር፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ስሌቱ የሚሠራው በዙሩ የተሰየመ ዓመት መሆኑ ግን አይዘንጋ። የ2021ዱ ዙር በወረርሽኙ ምክንያት ሃኖይ ላይ የተካሄደው በግንቦት 2022 ነው።

ሁለተኛው ችግር የእኛው ነው፤ የዘመን አቆጣጠር። በሰንጠረዡ አንድ ዓምድ ላይ የኢትዮጵያን ዓመት ለማስገባት ሲሞከር ልዩነቶቹ ተዘበራረቁ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ውድድሩ የሚካሄድበት ወር አይጸናም። ከኢትዮጵያ አዲስ ዓመት በኋላ ከሆነ ሰባት፣ ከጥር እ.ኤ.አ. እስከ አዲሱ ዓመት ዋዜማ ከሆነ ስምንት ነው የሚቀነሰው። የ1971ዱ በታኅሣሥ ስለነበር 1964 ዓ.ም. ይሆናል። የ1973ቱ የሲንጋፖር ዙር በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እ.ኤ.አ. ስለተካሄደ በእኛ ገና ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ 1965 ዓ.ም.። የ1975ቱ በታኅሣሥ ነበር፣ 1968 ዓ.ም.። እንግዲህ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ውድድር በእኛ አቆጣጠር አንዴ በዓመቱ፣ አንዴ በሦስት ዓመቱ የመጣ ይመስላል። በ2017 እና በ2019 መካከልም እንዲሁ ነው፦ ነሐሴ 2009 ዓ.ም. እና ኅዳር 2012 ዓ.ም.። መፍትሔው በሰንጠረዡ ውስጥ እ.ኤ.አ.ን ብቻ መጠቀምና የኢትዮጵያውን ቀን ከግርጌ ማስፈር ሆነ። የዚህ ዘገባ ዓመታትም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የወሩ ስምም እዚያው የፈረንጁን ወር ይወክላል።

የአገሮችን ስም በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም። በርማን ከማይናማር ጋር በአንድ መስመር ማድረግ ይቻላል፤ አገሩ አንድ ነው። ደቡብ ቬትናምን ከዛሬይቱ ቬትናም ጋር መደመር ግን ስሕተት ነው። በ1975 ባንኮክ ላይ የመጡት አራት አገሮች ብቻ እንደነበሩ ልብ ይሏል፤ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና በርማ። በዚያ ዓመት በኢንዶቻይና፣ ማለትም በቬትናም፣ በላኦስና በካምቦዲያ፣ የሆነው የመንግሥት ለውጥ በዚህ አንድ መስመር ላይ ይነበባል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ደንቡ፣ በ2019 በነበረው መልኩ፣ የስፖርት ዓይነቶችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ምድብ ግዴታ ነው፦ አትሌቲክስና የውኃ ስፖርቶች። ሁለተኛው በኦሊምፒክና በእስያ ጨዋታዎች ያሉት ናቸው፤ ከእነዚህ ቢያንስ 14 ይመረጣሉ። ሦስተኛው የአካባቢው ባህላዊ ስፖርቶችና የመሳሰሉት ሲሆን ከስምንት አይበልጡም። በጠቅላላው ቢያንስ 22 መሙላት አለበት። በተጨማሪ አንድ ውድድር እንዲካሄድ ቢያንስ አራት አገሮች መመዝገብ አለባቸው፤ ከአትሌቲክስ፣ ከውኃ ስፖርትና ከተኩስ በቀር አንድ ስፖርት ብቻውን ከጠቅላላው ሜዳሊያ ከአምስት በመቶ በላይ መያዝ አይችልም።

ሲነበብ ጥብቅ ይመስላል። የ2019ኙን የፊሊፒንስ ዙር ወስደን እንፈትነው። 56 የስፖርት ዓይነት፣ 530 የወርቅ ሜዳሊያ ነበር። አምስት በመቶው 26 ተኩል ነው። የፊሊፒንስ የዱላ ፍልሚያ የሆነው አርኒስ 20 ወርቅ ተመደበለት፤ ከጣሪያው በታች ነው፣ ደንብ አልተጣሰም። ከ20ው ግን 14ቱን አስተናጋጇ ወሰደች። እንግዲህ ጣሪያው አንድን ስፖርት እንጂ የስፖርቶችን ድምር አይገታም። በየስፖርቱ ጥቂት ጥቂት የሚያተርፍ አገር መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ብዙ ነው። ፊሊፒንስ በ2017 24 ወርቅ ይዛ ስድስተኛ ነበረች፤ በ2019 በ149 አንደኛ ወጣች፤ በቀጣዩ ዙር ሃኖይ ላይ 52 ወርቅ ይዛ ወደ አራተኛ ወረደች። በሁለት ዓመት ተኩል የአንድ አገር አትሌቶች ችሎታ እንዲህ አይዋዥቅም።

ሌሎቹም ያው ናቸው። ቬትናም በ2001 33፣ በ2003 በሜዳዋ 158። ኢንዶኔዥያ በ2009 43፣ በ2011 በሜዳዋ 182። ካምቦዲያ በሃኖይ ዘጠኝ፣ በ2023 በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን 81። በርማ አንደኛ የወጣችው በ1961 እና በ1969፣ ሁለቱም ራንጉን ላይ ነው። ማሌዥያ በ2001 እና በ2017፣ ሁለቱም ኩዋላ ላምፑር ላይ። ፊሊፒንስ በ2005 እና በ2019፣ ሁለቱም በገዛ አገሯ። እነዚህ ሦስቱ ከቤታቸው ወጥተው ሰንጠረዡን መርተው አያውቁም። ስለዚህ ክበቡ የአንድን አገር ጥንካሬ ለመመዘን የወሰደው ሚዛን «ከሜዳው ውጪ አንደኛ ወጥቷል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ያለፉት ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያና፣ በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቬትናም ብቻ ናቸው። ኢንዶኔዥያ ከገባችበት ከ1977 እስከ 1997 ከነበሩት 11 ዙሮች ዘጠኙን መርታለች፤ ያመለጧት ሁለቱ፣ የ1985 እና የ1995፣ የተካሄዱት ታይላንድ ውስጥ ነው። ሲንጋፖር አራት ጊዜ አስተናግዳ አንዴም አልመራችም፤ የቀረበችው በ1973 ነው፣ 45 ወርቅ ለታይላንድ 47።

የስፖርት ምርጫው ጠብም ያመጣል። ካምቦዲያ በ2023 የቦክስና የርግጫ ፍልሚያውን በራሷ ስም «ኩን ክመር» ብላ አስገባችው፤ የ«ሙዋይ ታይ» ባለቤት የሆነችው ታይላንድ ተወዳዳሪ አልላከችም። የማን ነው የሚለው ክርክር በሜዳሊያ ሰንጠረዥ አይፈታም፤ ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው የታይላንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ያን ባዶ እንደ ሽንፈት መቁጠር አይገባም።

ከዙር ወደ ዙር ለማነጻጸር የሚሆነው ግዴታ የሆኑት የአንደኛው ምድብ ስፖርቶች ዓምድ ነው፤ አስተናጋጁ ሊያስወጣቸው አይችልም። እውነተኛው ታሪክም ያለው እዚያ ነው። ሲንጋፖራዊቷ ዋናተኛ ጆስሊን ዮ በጨዋታዎቹ 40 ወርቅ ሰብስባለች። ጆሴፍ ስኩሊንግ በ2015 ዘጠኝ ወርቅ ወስዶ በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ቢራቢሮ አሸነፈ። ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው ግን የቬትናሟ ሯጭ ንጉዬን ቲ ዋን ናት። በፕኖም ፔን 1500 ሜትር አሸንፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 3000 ሜትር መሰናክል ሮጣ አሸነፈች፤ በዚያው ውድድር 5000ውንም 10,000ውንም ጨመረች። የርቀት ሩጫ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚገረመው በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ባለው ዕረፍት ማነስ ነው።

በተግባር የታየው ስፖርት ሴፓክ ታክሮ ነው፤ በእግር፣ በጉልበት፣ በደረትና በጭንቅላት የሚጫወቱት መረብ ኳስ ማለት ይቻላል። ከ1965 ጀምሮ በጨዋታዎቹ አለ። የባድሜንተን ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት አዲስ መስመር አያስፈልገውም፦ ሜዳው ያው 13.4 በ6.1 ሜትር ነው፤ የወንዶች መረብ መሐሉ ላይ 1.52 ሜትር፣ የሴቶች 1.42። የሚጨመረው በየሜዳው አጋማሽ አንድ ክብና ሁለት ሩብ ክብ ነው። ክቡ 30 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ኖሮት ማዕከሉ ከኋላው መስመር 2.45 ሜትር ይርቃል። ሩብ ክቦቹ ደግሞ የመሐሉ መስመር ከጎን መስመሮች ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ በ90 ሴንቲ ሜትር ይሠመራሉ። ሦስት ሦስት ሆነው ይጫወታሉ፤ በሦስት ንክኪ ኳሱ መሻገር አለበት፤ አንድ ሰው ደጋግሞ መንካት ይችላል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ማስጀመሪያው ላይ ነው። ሩብ ክቡ ውስጥ ያለው ኳሱን በእጁ ይወረውራል፣ ክቡ ውስጥ የቆመው ይመታዋል። የሚመታው ሰው አንድ እግሩ ክቡ ውስጥ መሬት እንደነካ መቆየት ሲገባው እየዘለለ ይመታል፤ ነጥቡም ይሄዳል። ወርዋሪው ከመጠን በላይ ከፍ አድርጎ ሲልክለት ነው የሚዘልለው፤ ስለዚህ ልምምዱ ከወርዋሪው ይጀምር። ኳሱ የተጠለፈ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ሲሆን የወንዶቹ ከ170 እስከ 180 ግራም ይመዝናል። ትንሽ የጎማ ኳስ ለመተካት አይሆንም፤ ነጥሮ ያመልጣል።

ሰንጠረዡ በትልቅ ካርቶን ተሠርቶ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የሚቀጥለው ቡድን በቅድሚያ «መረጃው የተወሰደበት ቀን» የሚል ዓምድ ይጨምር፤ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሜዳሊያ ከውድድሩ በኋላ ስለሚነጠቅ ሁለት ምንጮች በአንድ ወይም በሁለት ወርቅ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ ታይላንድ በታኅሣሥ 2025 ያስተናገደችው የ33ኛው ዙር መስመር ይሞላል፤ የአስተናጋጅ ዓምዱም በቀይ ይቀለም።