የጣፊያው ጠርዝ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ በሽተኛ ነው።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ፣ ዋርድ ላይ፣ ሲ-ዋን ማለትም በሽተኛ መመርመር የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ወሩ የወባ ነው፤ ያተኮሰው ሁሉ ወባ ይባላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሊቦ ከምከም በኩል አንድ ልጅ መጣ። ሁለት ወር አተኩሶት አጥንቱ ወጥቷል። ሦስት ጊዜ ኮአርተም፣ የወባውን መድኃኒት፣ ውጧል። የደም ምርመራው ግን አንዴም ወባ አላሳየም።

አንዷን ተማሪ ሆዱን እንድትመረምረው አልኳት። እጇን አሻሽታ አሞቀች፣ ከግራ ጎድኑ ሥር ጫን አድርጋ "ምንም የለም" አለች። "ከታች ጀምሪ፣ ከቀኝ ብሽሽቱ" አልኳት። አየር በሳበ ቁጥር ቀስ እያለች ወጣች። እምብርቱ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጣፊያው እዚያ ድረስ ወርዷል። ለካ መጀመሪያም እጇ ያረፈው ጣፊያው ላይ ነበር፤ ጠርዙን ነው ያጣችው።

ከዚያ እሷው ጠየቀችው።

"ክረምቱን የት ነበርክ?"

"ዓምናም ዘንድሮም መተማ፣ ሰሊጥ አረም።"

"የት ነበር የምታድሩት?"

"ውጭ ነዋ፣ ግራር ሥር።"

ትኩሳት እያስያዘ ጣፊያን የሚያሳብጠውን ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የዋልካውን ስንጥቅና ግራሩን ትወዳለች።

ያኔ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ተማሪ ሳለን፣ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የነበረው። አንተም አልረሳኸውም። ወባ ነው እየተባለ፣ የት እንደከረመ ማናችንም ሳንጠይቀው ሞተብን። ያን ምሽት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስንም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሳም መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሏቸው ነበር። በሽታውን ይዘው የተመለሱት ከመተማና ከሁመራ የመጡ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አልቀሩም። ይህን በሽተኞችን እየዞርን ባየን ቁጥር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

የዚህኛው ልጅ ምርመራ ካላዛር አለ፤ ኤችአይቪ የለበትም። ለ17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት መርፌ። መርፌው ያማል፤ ጥርሱን ነክሶ ይወጋል። ተማሪዋ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የጣፊያውን ጠርዝ ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ ታሰምራለች። ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ትናንት ሽሮውን ጠርጎ በላ። መስመሩም ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሽቷል።

አንተስ? ጻፍልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ