ገዝተን የራሳችን ያደረግነውን ኦርጅናል ዕቃ መልሶ ስለ መሸጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በንግድ ገጻችሁ ላይ ስለ ፎርጅድ የቅንጦት ዕቃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ታዋቂ ብራንዶች ስማቸውን ከአስመሳዮች ለመጠበቅ የሚያደርጉትን ጥረት መደገፋቸው ተገቢ ነው፤ ሐሰተኛ ቦርሳ በኦርጅናል ዋጋ ለሚሸጥ ሰው ጥብቅና ልቆም አልፈልግም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አደባልቋል። ሐሰተኛ ዕቃ እንዳይሸጥ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛውን ዕቃ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው መልሶ እንዳይሸጠው መከልከል ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም ተሸሽጎ ሲያልፍ ስለ ታዘብኩ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፓሪስ የንግድ ፍርድ ቤት በ2008 ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሳሾቹ እንደ ሉዊ ቪቶንና ዲዮር ያሉ፣ ኤልቪኤምኤች በተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃዎች ድርጅት ሥር የሚገኙ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ኢቤይ ወደ 38.6 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ካሣ እንዲከፍላቸው ተፈርዶ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የሚያስታውሰው በሐሰተኛ ቦርሳዎቹ ነው። ሆኖም ያው ውሳኔ የዲዮር፣ የገርላን፣ የዢቫንሺና የኬንዞ ሽቶዎች፣ ኦርጅናል ቢሆኑም እንኳ፣ በኢቤይ እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ ምክንያቱም ባለቤቶቹ ሽቶዎቹን የሚያከፋፍሉት ራሳቸው በመረጧቸው ሱቆች ብቻ ስለ ነበረ ነው። ካሣው በ2010 በይግባኝ ወደ 5.7 ሚሊዮን ዩሮ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በ2014 ክርክራቸውን በስምምነት ዘግተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የገንዘቡ መጠን ሳይሆን፣ ያልተከፈተ እውነተኛ የሽቶ ጠርሙስ ከሐሰተኛ ቦርሳ እኩል መከሰሱ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የኦሜጋ ሰዓት ታሪክ ነው። ይህ የስዊስ ሰዓት ሠሪ በአንዳንድ ሰዓቶቹ ጀርባ ላይ ከግማሽ ሴንቲሜትር ያነሰች የሉል ሥዕል ቀርጾ፣ ሥዕሏን በአሜሪካ የቅጂ መብት አስመዘገባት። ኮስትኮ የተባለው የአሜሪካ መደብር ከውጭ አገር ዞረው የመጡ ኦርጅናል ሰዓቶችን፣ ኦሜጋ 1,995 ዶላር እንዲሸጡ የሚፈልጋቸውን፣ በ1,299 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ ኦሜጋ የከሰሰው በሰዓቱ ሳይሆን በዚያች ጥቃቅን ሥዕል የተነሣ ነበር። ሥዕሏ የተቀረጸችበት አንዱ ዓላማ የሰዓቶቹን ወደ አሜሪካ መግባትና ሽያጭ ለመቆጣጠር መሆኑንም ኩባንያው ራሱ አልካደም። ሰው ሰዓቱን አገላብጦ ጀርባውን ስንት ጊዜ እንደሚያይ እናንተው ፍረዱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 ዳኞቹ አራት ለአራት ስለ ተከፈሉ ጥያቄው ያለ መቋጫ ቀረ። በ2013 ግን ይኸው ፍርድ ቤት፣ ታይላንድ ያሉ ዘመዶቹ በርካሽ እየገዙ የሚልኩለትን የትምህርት መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ ለነበረ አንድ ተማሪ በስድስት ለሦስት ድምፅ ፈረደለት፤ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዕቃ የትም ይሠራ የት፣ ገዢው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ማለት ነው። ኮስትኮም በ2015 በይግባኝ ረታ። በዘመድ ሻንጣ ዕቃ የምናመላልስ እኛ ሐበሾች ያን ተማሪ ልናመሰግነው ይገባል።

በወረቀት ላይ መብቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ምን እንደሚመስል በቤቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ለዓመታት ስትንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አዛውንት ከማረፋቸው በፊት አንድ የታወቀ ብራንድ የእጅ ቦርሳ ከነሣጥኑና ቢጫ ከሆነው የግዢ ደረሰኝ ጋር ሰጥተዋት ነበር። እርሷ እንዲህ ያለ ቦርሳ የምትይዝበት ቦታ ስለሌላት፣ ስፌቱን፣ ውስጡ ያለውን መለያ ቁጥርና ደረሰኙን ጭምር ፎቶ አንሥታ በአንድ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሽያጭ አወጣችው። በሁለተኛው ቀን ማስታወቂያው ጠፋ። የደረሳት መልእክት የመብቱ ባለቤት አቤቱታ እንዳቀረበ ይገልጻል እንጂ፣ ቦርሳው ሐሰተኛ ነው አይልም፤ እውነተኛ ነውም አይልም። ደረሰኙን አያይዛ ብትጽፍ ያንኑ መልስ ቃል በቃል መለሱላት፤ ድጋሚ ብታወጣው ደግሞ አካውንቷ እንደሚዘጋ አስጠነቀቋት።

ገበያዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ለመረዳት አይከብድም። የጌጣጌጥ ኩባንያው ቲፋኒ ኢቤይን በከሰሰበት ጉዳይ የኒው ዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 ለኢቤይ ሲፈርድ፣ ገበያው በንግድ ምልክት ሕግ ተጠያቂ የሚሆነው የትኛው ማስታወቂያ ሐሰተኛ ዕቃ እንደያዘ እያወቀ ዝም ሲል መሆኑን ገልጿል። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን አቤቱታ የደረሰው ገበያ «አላወቅሁም» ማለት ስለማይችል፣ መርምሮ ከመቆየት ይልቅ ወዲያው ማንሣቱን ይመርጣል፤ ያላግባብ አቤቱታ ያቀረበው ወገን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስበት ነገር የለም።

ብራንዶቹ የራሳቸው መከራከሪያ እንዳላቸው አልክድም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 ኮቲ በተባለ የሽቶ ኩባንያ ጉዳይ፣ የቅንጦት ዕቃ አምራች የተፈቀደላቸው ሻጮቹ እንደ አማዞን ባሉ የሌሎች ገበያዎች ላይ እንዳይሸጡ በውል ሊከለክላቸው እንደሚችል ወስኗል። ውል የፈረመ ነጋዴ በውሉ ይታሰር። ባለቤቴ ግን የፈረመችው ነገር የለም፤ ቦርሳውን የሰጧት አዛውንትም ሲገዙት የፈረሙት ከደረሰኙ ውጪ ምንም የለም።

ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ የብራንዱን ክብር ይቀንሳል የሚለውን ክርክር ደግሞ ብራንዶቹ ራሳቸው ትተውታል ማለት ይቻላል። ሮሌክስ በ2022 መጨረሻ፣ ያገለገሉ ሰዓቶቹን መርምሮና ማረጋገጫ ሰጥቶ በተፈቀደላቸው ሱቆች ማሸጥ ጀምሯል፤ የጉቺ ባለቤት ኬሪንግም በ2021 ያገለገሉ የቅንጦት ልብሶችና ቦርሳዎች በሚሸጡበት በቬስቲዬር ኮሌክቲቭ ውስጥ ድርሻ ገዝቷል። ያው ያገለገለ ዕቃ በእነርሱ እጅ ሲያልፍ ክብሩ ካልቀነሰ፣ በባለቤቴ እጅ ሲያልፍ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኛን ያሳደገበት ሲንጀር መኪና ከምን አለሽ ተራ የተገዛ፣ ከእርሱ በፊት ቢያንስ ሁለት ባለቤቶች የነበሩት ነው፤ ሲገዛው ግን ሲንጀር ኩባንያ ይፈቅድ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በመሆኑም ኦርጅናል ዕቃን ከገበያ ለማስነሣት አቤቱታ የሚያቀርብ ኩባንያ፣ ዕቃው ሐሰተኛ ነው የሚል ከሆነ ይህንኑ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ ሐሰተኛ ካልሆነም የትኛው ሕግ ሽያጩን እንደሚከለክል እንዲጠቅስ መገደድ አለበት እላለሁ፤ ሻጩም ማስታወቂያው ከመነሣቱ በፊት ደረሰኙን የሚያሳይበት ቀን ሊሰጠው ይገባል። ጋዜጣችሁም በንግድ ምልክት ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ጋብዞ፣ ደረሰኝ በእጁ ያለ ሻጭ ማስታወቂያው ሲነሣበት ለማን አቤት እንደሚል እንዲያስረዳን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ