ለጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጥ ሲመረጥ እጁ ይታይ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ጥበቃ ሠራተኞች ትጥቅ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ድርጅቶች ለጥበቃ ሠራተኞቻቸው ጥሩ ሽጉጥ ያቅርቡ የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የሽጉጡን ጥሩነት የለካው በስሙ፣ በተሠራበት አገርና በዋጋው ሲሆን፣ መሣሪያውን ስለሚተኩሰው ሰው አንድም መስመር አላሰፈረም። በመሣሪያ አሰልጣኝነት ረጅም ዘመን አገልግዬ ዛሬ ጅማ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ እንደዚህ ችላ የተባለ ጉዳይ አላውቅም። ለአንዱ እጅግ የሚመች ሽጉጥ በሌላው እጅ ሲገባ ዒላማውን ይስታል፤ የሳተው ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናገረው በሕግ ስለተፈቀደ መሣሪያ ብቻ መሆኑ እንዲታወቅልኝ እወዳለሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እንደማይቻል አንባቢ ያውቃል፤ በኮንትሮባንድ ገብቶ በድብቅ የሚሸጠው የማንንም እጅ ይለካ ዘንድ አይገባውም።

በከተማችንና በአካባቢዋ መሣሪያ የሚይዘው ጥበቃ ብዙ ነው። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ጨቆርሳ እስከ ጌራ፣ የቡና መጋዘንና የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ባለበት ሁሉ ጥበቃ አለ፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ የባንኩ፣ የነዳጅ ማደያውና የትልልቁ መደብር ጥበቃ አለ። ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ ሁለት ወይም ሦስት ሽጉጥ ይኖረዋል፤ ጥበቃዎቹም በየፈረቃው እየተረካከቡ ይይዙታል። ቁመቱ ረጅም፣ መዳፉ ሰፊ የሆነው ጎልማሳ ሌሊት የያዘውን ሽጉጥ ጠዋት እጇ ትንሽ የሆነች ወጣት ሴት ትረከበዋለች። በርክክብ መዝገቡ ላይ የሽጉጡ ቁጥርና የጥይቱ ብዛት ይጻፋል፤ መሣሪያው ለተረካቢዋ እጅ መስማማቱን ግን የሚጠይቅ የለም።

የእጅ ነገር በመጀመሪያ የሚታየው በሌባ ጣት ላይ ነው። ሽጉጥ በትክክል ተያዘ የሚባለው እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ በደንብ ተቀምጦ፣ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ ሲውልና የሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ክፍል ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ሲያርፍ ነው። እጀታው ለእጁ ከወፈረ ጣቱ ቃታውን የሚያገኘው በጫፉ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውየው ቃታውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳቡን ትቶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ወይም ደግሞ ጣቱ እንዲደርስለት ሲል ሽጉጡን በመዳፉ ውስጥ ያዞረዋል፤ በዚህ ጊዜ የተኩሱ ግፊት በክንዱ ላይ ማረፉ ቀርቶ የአውራ ጣቱን አንጓ ይመታዋል። ጥቂት ጥይት እንደተኮሰ አንጓውን የሚያመው ሰው ከዚያ በኋላ ሽጉጡን መፍራት ይጀምራል።

አንዲት የመጋዘን ጥበቃ ለልምምድ መጥታ ሳለ ከዒላማው ጎን ለጎን እየመታች ስትቸገር፣ አለቃዋ «ሴት ስለሆነች እጇ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ሊመልሳት ነበር። ጠጋ ብዬ ስጠይቃት «ጋሼ፣ ጣቴ አይደርስም» አለችኝ። የያዘችው ጥይቱ በካርታው (በጥይት መያዣው) ውስጥ በሁለት ረድፍ የሚደረደር፣ እጀታው ወፍራም የሆነ ሽጉጥ ነበር። ጥይቱ በአንድ ረድፍ የሚቆም፣ እጀታው ቀጠን ያለ ሌላ ሽጉጥ ስንሰጣት ያው እጅ፣ በዚያው ቀን፣ የዒላማውን መካከል ማግኘት ጀመረ። ይህን የምጽፈው አለቃውን ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ብለው የሚያምኑ ብዙ አለቆች ስላሉና በዚህ እምነት የተነሳ ብቁ የሆኑ ሴቶች ከሥራ ሲመለሱ ስላየሁ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ለሴት ወይም አቅሙ ለደከመ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ይሻላል የሚለው። ኪስ ውስጥ የምትገባው ቀላል ሽጉጥ ለዓይን ረጋ ያለች ትመስላለች። ነገር ግን ሁለት ሽጉጦች አንድ ዓይነት ጥይት ሲተኩሱ ይበልጥ የሚራገጠው ቀላሉ ነው፤ የመሣሪያው ክብደት የግፊቱን ከፊል ይውጣልና። በዚያ ላይ በትንሿ ሽጉጥ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ይቀራረባሉ። በመካከላቸው 16 ሴንቲሜትር ያለው ሽጉጥ በማነጣጠር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢደረግበት በ10 ሜትር ርቀት ጥይቱ 6 ሴንቲሜትር ያህል ይስታል፤ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲሜትር በሆነው ላይ ግን ያው ስሕተት 10 ሴንቲሜትር ያስታል። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ ይበልጥ የተካነ ተኳሽ የምትፈልግ ናት፤ ለጀማሪ መስጠቱ የተገላቢጦሽ ነው። በሌላ በኩል እጅግ የከበደውም ክንድ ያዝላል፤ ቀኑን ሙሉ በወገብ ላይ ስለሚጎትት ሰውየው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ እንዲያስቀምጠው ይፈትነዋል። መካከለኛው ለብዙው ሰው ይበጃል።

በእኛ አገር በብዛት የሚታወቀውን ማካሮቭን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሠራዊቷ የተቀበለችው ይህ ሽጉጥ ካርታው 8 ጥይት የሚይዝ፣ ጥይት ሳይጎርስ 730 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ እጀታው ቀጠን ያለና ጠንካራ መሣሪያ ነው። ለትንሽ እጅ በመያዝ በኩል አይከፋም። ሆኖም የላይኛውን ተንሸራታች ብረት የሚገታው የብረቱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ ሞላው ጠጣር ነው፤ ማቀባበል ኃይል ይጠይቃል። ደግሞም ጥይቱን የሚመታው መምቻ አስቀድሞ ካልተነሳ የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስ የቃታው ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ጥይት ጀምሮ ግን አጭርና ቀላል ይሆናል። ይህ ልዩነት ያልሠለጠነን ሰው ያሳስተዋል፤ የመጀመሪያውን ጥይት ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ሳያስበው ይለቅቃል። ማቀባበል የከበደውን ሰው ግን ወዲያው ደካማ ነው ብሎ መፈረጅ አይገባም። ብዙ ሰው ብረቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ወደ ኋላ ለመሳብ ይታገላል፤ ብረቱን በሙሉ መዳፉ ይዞ እጀታውን በሌላው እጁ ወደ ፊት እንዲገፋ ሲነገረው፣ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። ይህም ተሞክሮ ካቃተው ሽጉጡ የእርሱ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሽጉጡ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደው የመጠበቂያው ጉዳይ ነው፤ አለቆች ሁሉ እንዲያስተውሉት የምለምነውም ይህንኑ ነው። በማካሮቭ ላይ መጠበቂያው ወደ ላይ ሲነሳ ሽጉጡ አይተኩስም፤ ወደ ታች ሲወርድ ይተኩሳል። በቤሬታ 92ኤፍኤስ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ አይተኩስም፣ ወደ ላይ ሲነሳ ይተኩሳል። ጥንት የተሠራው የሩሲያ ቶካሬቭ ደግሞ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ ጭራሽ የለውም፤ ስለዚህ ጥይት አጉርሶ በወገብ መያዝ አደገኛ ነው። ግሎክም በውጭ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ ስለሌለው የቃታውን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር የግድ ያስፈልገዋል፤ ሱሪ ውስጥ ሸጉጦ መሄድ ሰውየውን ራሱን ለጉዳት ያጋልጣል። እንግዲህ አንድ ድርጅት ማካሮቭና ቤሬታ አቀላቅሎ ለአንድ ፈረቃ ሲያድል፣ ሠራተኛው በድንጋጤ ጊዜ አውራ ጣቱን ወዴት ያንቀሳቅስ? ድንጋጤ ሲመጣ እጅ የለመደውን እንጂ የተነገረውን አያደርግም። በአንድ ድርጅት ውስጥ አንድ ዓይነት ሽጉጥ ብቻ እንዲኖር፣ ያም በቡድኑ ውስጥ ትንሹን እጅ ላለው ሰው የሚስማማ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው ከቀጭን እጀታ ጋር ይስማማል፣ ትንሽ እጅ ግን ከወፍራም እጀታ ጋር አይስማማም። ከአዳዲሶቹ ሽጉጦች አንዳንዶቹ የእጀታቸው ጀርባ እንደ እጁ መጠን የሚቀያየር ስለሆነ፣ አቅሙ ያለው ድርጅት እነርሱን ቢመርጥ ችግሩ በእጅጉ ይቀልለታል።

ስለ ግራኝ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። በአብዛኞቹ ሽጉጦች ላይ መጠበቂያው በግራ በኩል፣ ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ «በቀኝህ ብላ፣ በቀኝህ ጻፍ» እየተባሉ ያደጉ ሰዎች በተኩስ ሜዳ ላይ ግራኝነታቸው ይወጣል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ማስታወቅም ይገባቸዋል። የዓይንም ነገር እንዲሁ ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሆኖ ዋና ዓይኑ ግራ የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ በሌባ ጣት ራቅ ያለ ነገርን ማመልከትና አንድ ዓይንን መጨፈን በቂ ነው፤ ጣቱ ከነገሩ ላይ ሳይነቃነቅ የሚታየው በዋናው ዓይን ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ጥበቃዎች ደግሞ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ይደበዝዛቸዋል፤ ለእነርሱ ወፈር ያለና ነጭ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ ይሻላል።

ጥይቱን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። በመጋዘን ቋንቋ ሁሉም «ዘጠኝ ሚሊ» ይባላል፤ ነገር ግን የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 (የአረሩ ውፍረትና የቀፎው ርዝመት በሚሊ ሜትር) ሲሆን የቤሬታውና የግሎክ 17 ጥይት 9 በ19 ነው። ሁለቱም 9 ይባሉ እንጂ የአረራቸው ውፍረት እንኳን በትክክል አንድ አይደለም፤ አይለዋወጡም። የጥይት ሣጥን ላይ ያለውን ጽሑፍ የማያነብ ሰው ጥይት ሊያድል አይገባውም።

የጅማ አየር እርጥብ መሆኑም ከምርጫው ጋር ይገናኛል። በክረምት በቆዳ ማኅደር ውስጥ የሰነበተ የብረት ሽጉጥ ከውጭ የሚያምር ሆኖ ሳለ ውስጡ ዝጎ፣ የካርታው ሞላ ተጣብቆ አግኝቼዋለሁ። ቆዳ ውኃ ይይዛል። ሽጉጡን በየቀኑ የሚወለውልና በቀጭኑ ዘይት የሚቀባ ሰው ከሌለ፣ ዝገት የሚቋቋም ልባስ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ለጥበቃው ምቾት ብቻ አይደለም። በሂርማታ ገበያ ሕዝብ በሚተፋፈግበት ሰዓት ዒላማውን የሳተ ጥይት ከጭቃ ግድግዳና ከቆርቆሮ በር ወዲያ ያለውን ሰው ያገኛል። የቶካሬቭ 7.62 በ25 ጥይት በተለይ ፈጣን ስለሆነ እንዲህ ያለውን ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። በሕዝብ መካከል ለሚሠራ ጥበቃ የሽጉጡ ኃይል መብዛት መመረጫ ሊሆን የሚገባው አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው ሰውየው ወደፈለገበት ቦታ ብቻ የሚመታበት፣ ካላስፈለገም ሳይተኩስ ረጋ ብሎ ሊይዘው የሚችለው መሣሪያ ነው።

የቡና መልቀሚያ ወቅት እየተቃረበ፣ መጋዘኖችም ተጨማሪ ጥበቃ እየቀጠሩ ነው። አሠሪዎች ሠራተኛውን ከመቅጠራቸው አስቀድሞ ባዶ መሆኑ በሁለት ሰው ዓይን የተረጋገጠ ሽጉጥ በእጁ አስይዘው፣ ጣቱ ቃታው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ማቀባበልና መጠበቂያውን ማንቀሳቀስ መቻሉን ይመልከቱ። ከዚያም ፈቃድ ባለው የተኩስ ሜዳ፣ በአሰልጣኝ ፊት፣ ከእውነተኛው ጥይት መካከል ፈጽሞ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ተቀላቅሎለት ይተኩስ፤ በማይተኩሰው ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘነበለ ሰውየው ሽጉጡን ይፈራዋል ማለት ስለሆነ ሌላ ይሞከርለት ወይም ተጨማሪ ሥልጠና ይሰጠው። ውጤቱም በርክክብ መዝገቡ ላይ ከሽጉጡ ቁጥር ጎን በአንድ ዓምድ ይስፈር፤ ፈረቃ ተረካቢውም ስሙ በዚያ ዓምድ ካልተገኘ መሣሪያውን አይረከብ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የመሣሪያ አሰልጣኝ
ከጅማ