ብቻህን አትያዘው

ልጄ፣ እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት። ክላስ ውስጥ በሩን እያየህ ካልሆነ አትቀመጥም አሉ። ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ታነጋለህ አሉ። ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ይብስብሃል። ነሐሴ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ካቡል አየር ማረፊያ በር ላይ ፈንጂው ፈንድቶ 13 የአሜሪካ ወታደሮችና ያ ሁሉ አፍጋናዊ ያለቀው በፈረንጆቹ 2021 ነሐሴ ነው። አንተ እዚያው ከወታደሮቹ ጋር ሆነህ ስትተርፍልኝ ስለቴን ለገብርኤል አስገባሁና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ብቻህን አትያዘው።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1983 አሥመራ ስትያዝ ሱዳን እስካለችው ከሰላ በእግሩ ነው የሄደው። እዚህ ሜሪላንድ ከገባን በኋላ እንኳ ጫማውን እንዳጠለቀ ነበር የሚተኛው፤ ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥሮ። ልፈታለት ስሞክር በእንቅልፍ ልቡ እጄን ጨምድዶ ይይዘኛል። አንድ ሌሊት «ውሃ ስጠኝ ያለኝን ልጅ መንገድ ላይ ትቼው…» ብሎ ጀመረ። እኔ ምን አልኩት? «ተው፣ ልጆቹ ይሰማሉ፤ ስመ እግዚአብሔር ጥራና ተኛ።» ተኛ። ያንን ነገር እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አላነሳውም። እግዜርን ጠርቼ አፉን ዘጋሁት። ለንስሐ አባቴ እንኳ የተናገርኩት ባለፈው ጾም ነው።

ኮሌጃችሁ ያለውን ቄስ፣ ቻፕሊን የምትሉትን፣ ሄደህ አናግረው። የእኛ ሃይማኖት አይደለም አትበለኝ፤ ንስሐህን ለእኛ አባት ታደርሳለህ፣ ይሄኛው ቁጭ ብሎ የሚሰማህ ነው። ሐኪም ስለ እንቅልፍህ ይጠይቅሃል፤ «እነሱ ሞተው እኔ ለምን ተረፍኩ» የሚለው ግን የነፍስ ጥያቄ ነው። ጦሩ ውስጥ ለቻፕሊን የተነገረ ለአለቃ እንደማይደርስ አንተው ነህ የነገርከኝ። የኮሌጁ ግን እስከ ምን ድረስ ምስጢር እንደሚጠብቅ አስቀድመህ ጠይቀው። ሐኪም ያስፈልግሃል ካለህም እሺ በል፤ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ከጦርነት የተመለሱትን የሚያማክረው ቬት ሴንተርም አለ፣ ገንዘብ አይጠይቁህም።

ብቻህን አትያዘው ብዬሃለሁ! ሌሊት ከጠናብህ 988 ደውለህ 1ን ተጫን፤ ለእናንተ ለወታደሮቹ የተደረገ ነው። አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግበው። ክላስም ዝም ብለህ እንዳትጥል፤ መጀመሪያ ኮሌጁ ያለውን የቬተራን፣ የቀድሞ ወታደሮችን ቢሮ ጠይቅ፣ መንግሥት ወታደር ስለነበርክ ለትምህርትህ የሚከፍለውን የጂአይ ቢሉን ገንዘብ መልስ ሊሉህ ይችላሉ። ሽሮና በርበሬ ልኬልሃለሁ፤ በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስገባው።

ቄሱን አግኝተህ ስትወጣ ደውልልኝ። ያወራችሁትን አልጠይቅህም። ልንገርሽ ካልከኝ ግን፣ በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ አሁን ተኛ አልልህም።

እናትህ