ከቴነሲ ለእማዬ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ቀብር ሄጄ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ» ስልሽ እንደደነገጥሽ ካርዱ አለቀና ሳላስረዳሽ ቀረሁ።

ዌርሃውስ አብራኝ የምትሠራ ልጅ እናቷ ዐርፈውባት ነው። ከናሽቪል ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነች፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ነጭ። ሙሾ የለ፣ ደረት መምታት የለ። ስብከቱ እንዳለቀ አራት ሽማግሌዎች ተነሥተው ፒያኖው አጠገብ ቆሙ። ቤዙን፣ ማለት ወፍራሙን የወንድ ድምፅ፣ የሚይዘው መካኒክ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ አለ። «በርሬ እሄዳለሁ» የሚለውን መዝሙር ጀመሩ። ለቀብር አይመስልም፤ ያስጨበጭባል! አዝማቹ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ገባበት፤ መጨረሻው ቁጥር ላይ ፒያኖው ቆመና ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጅቷ እጇን የእናቷ ሣጥን ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ አልቶ፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ፣ ትዘምራለች። አንዴም አልሳተችም።

እኛ ጋ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እነዚህ ግን እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፤ እኔም ሳላስበው አንዱ ድምፅ ውስጥ ገብቼ ራሴን አገኘሁት። ይህን አዘማመር ድሮ፣ ገበሬው በቀላሉ እንዲያነበው ኖታውን በሦስት ማዕዘን፣ በካሬ፣ በክብ እያተሙ ያስተምሩ ነበር። እዚሁ ቴነሲ፣ ሎረንስበርግ፣ ጄምስ ቮን የሚባል ሰው በእነሱ አቆጣጠር በ1910 አራት ዘማሪዎች ቀጥሮ በየአገሩ ላከ። ለወንጌል ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የመዝሙር መጽሐፉን እንዲያሻሽጡለትም ነው።

የ«በርሬ እሄዳለሁ» ደራሲ አልበርት ብረምሊ ይባላል። ኦክላሆማ፣ አባቱ እርሻ ላይ ጥጥ ሲለቅም ነው ሐሳቡ የመጣለት። አትቆጪኝና፣ ያኔ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ነበር፤ ስለ እስረኛ የሚያወራ የዓለም ዘፈን! በ1929 ጻፈው፣ በ1932 ታተመ። በዚያ ዘመን ደቡቡ ላይ ጥቁርና ነጭ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያመልኩም፤ መዝሙሩን ግን ሁለቱም ወገን ወሰዱት። አሁን በኦርኬስትራ አሽሞንሙነው የሚዘምሩት አሉ፣ እኔ አልወደውም። የጥጥ ማሳው ላብ ይጠፋበታል።

ነፍስ ከእስር ቤት ፍርግርግ እንዳመለጠች ወፍ ትበራለች የሚለው ቦታ ስንደርስ አባዬ ፊቴ ላይ መጣብኝ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ አንቺ ጎረቤት እንዳይሰማ መጋረጃ ዘግተሽ ትዘምሪ እንደነበር ነግረሽኛል። አባዬ ግን እስር ቤት ውስጥ የዘመሩትን አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። አንቺ የምታውቂው ካለ፣ ዜማውን ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ሚሚ በቴሌግራም ቀድታ ትላክልኝ። ፈጣን ነበር ወይስ ዝግ ያለ?

ለመድኃኒቱ የሚሆን ገንዘብ ዓርብ እልካለሁ። እትዬንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ