የኮምፒዩተር ክበብ ዘገባ፦ ከኮምፒዩተር ላብ እስከ አሞራ ገደል

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ሲሰበሰብ ቆይቷል። ምዝገባውም፣ የኮሚቴ ምርጫውም፣ የወላጆች ቀን ዝግጅቱም በሰላም አልፏል። የኮምፒዩተር ክፍላችንን፣ ላባችንን፣ ታውቁታላችሁ፤ ከ14ቱ ኮምፒዩተሮች የሚነሱት 5 ናቸው። ኢንተርኔት ስለሌለን የሠራነው ከፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ከፓይተን ጋር አብሮ በሚጫነው፣ የፕሮግራም መስኮትና በተን (በስክሪን ላይ የሚጫን ቁልፍ) በሚሠራው በቲኬኢንተር ነው።

«ዓመቱን ሙሉ የጽሑፍ ቀለም ስትቀያይሩ ከረማችሁ» ያሉን አሉ። ቀርቦ ላየው ግን ጨዋታ አይደለም። በተለመደው በተን ላይ ኤፍጂ (fg፣ የጽሑፉ ቀለም ማለት ነው) ብሎ የቀለሙን ስም መጻፍ ይበቃል። መልኩ የሚያምረውን፣ እዚያው ቲኬኢንተር ውስጥ ያለውን የቲቲኬ (ttk) በተን እንዲሁ ብታዙት ግን አማራጩን አላውቀውም ብሎ ስህተት ያወጣል። ቀለሙ የሚሰጠው ለስታይሉ፣ ማለትም የበተኑን መልክ ለሚወስነው ደንብ ነው፤ የምታወጡለት የስታይል ስምም ነጥብ ተደርጎ በቲበተን (.TButton) ካላለቀ አይሠራም። ይህችን ለመረዳት 3 ረቡዕ ፈጅቶብናል፤ አንዱን መብራት ጠፍቶ በጥቁር ሰሌዳ ነው የተማርነው።

ግንቦት ላይ ተማሪዎቹ የሠሩትን የዓሣ ሒሳብ ማስያ ይዘን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። ላፕቶፑ የራሴ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ አጠገባችን ይንጎራደዳሉ። አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «ልጆቼ፣ ምንም አልተጻፈበትም እኮ» አሉ። ጨለም ባለው ላብ ውስጥ ያማረብን ስስ ግራጫ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ጠፍቷል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፑን ተቀበለችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ጭንቅላቷንም ስክሪኑንም እንዲሸፍን አድርጋ ጣለችው፤ ከሥሩ የኪቦርዱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስትገልጠው ከዓሣዎቹ ስም ከ«ቆሮሶ» እስከ «አምባዛ»፣ ከ«ደምር» እስከ «አጥፋ» የ9ኙም በተኖች ጽሑፍ ጠቁሯል። የነካችው አንድ መስመር ነው፤ የስታይሉን። «እማማ፣ አሁንስ?» እናትየው በጣታቸው እየተከተሉ «ቆ… ሮ… ሶ» ብለው አነበቡ። በመምህርነቴ እንደዚያ የተደሰትኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ግን አልደረስንም፤ ሥራው የነበረበት ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። መጠባበቂያ የምንይዝበት ፍላሽ እንኳ አልነበረንም። የስፖርት ክበቡ ማሊያ ማግኘቱ ያስደስተናል፤ ለእኛ በዓመቱ የተገዛልን አንድ ማውስ ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ያገለገለ ራም፣ ኪቦርድ ወይም ሃርድ ዲስክ ካላችሁ አምጡልን። ረቡዕ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ላብ ውስጥ ነን።